የፓራፋንጎው ነጭ ጭረት

አባቴ መኪናውን ለሰው አይሰጥም። ለእኔም የሰጠኝ አርብ ዕለት ስንት ተለማምጬው ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ካዛንቺስ ላይ ለግንባታ ከታጠረ ቆርቆሮ ጋር አፋተግኩለት። ከግራው የፊት ጎማ በላይ ካለው ፓራፋንጎ እስከ በሩ፣ ክንድ የሚያህል ጭረት። መኪናው ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ከሥር የወጣው ስቱኮ ነጭ ሆኖ ይጮኻል። ግቢ አስገባሁና ቶሎ ብዬ ሸራ አለበስኩት።

አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው የማዝዝ ሴት ነኝ። ግን «መኪናዬን ምን አደረግሽው?» ሲለኝ የምመልሰውን ሳሰላስል ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ሊያስቀድስ በእግሩ ወደ ቂርቆስ ሲወጣ፣ እኔ ወደ ስታዲየም በረርኩ። የመኪና ዕቃ ሻጩ ኮቲንግ የሚሉትን ቀለም ማወዣ ፈሳሽ አንድ ጠርሙስ አወጣልኝ።

«መጀመሪያ በፖሊሽ ታሺዋለሽ፣ ከዚያ ይሄን ትረጪና ትጠርጊዋለሽ፣ በቃ። ማለቴ፣ ባለሙያ ምናምን አያስፈልገውም።»

«ጭረት ያጠፋል?»

«ያለሰልሰዋል።»

መልሱን በደንብ መስማት የነበረብኝ ያኔ ነው። ክንዴ እስኪዝል አሸሁ፣ ረጨሁ፣ ጠረግኩ፣ ደገምኩት። ቅዳሴው ቶሎ እንዳያልቅ ለመንኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መኪናው አብረቀረቀ። ጭረቱን በጣቴ ስዳብሰው የለም። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ግን እዚያው ነው፤ እንዲያውም ዙሪያው ስለጠራ ይበልጥ አፍጥጧል።

«እማዬ፣ መኪናው ላይ ያ ነጭ መስመር ምንድነው?» አለችኝ ልጄ ከበረንዳው ላይ። ሰባት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አያቷ መስቀል ፍላወር ወስዶ ኬክ ስለሚገዛላት፣ ጫማዋን አድርጋ እየጠበቀችው ነበር።

አባቴ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ።

«አጠብሽው እንዴ?»

«ቀባሁት። ለቀለሙ ጥሩ ነው ብለውኝ።»

ጠጋ ብሎ መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ በሩ ወሰደው፤ በነጩ መስመር ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዓይኑም እዚያው ላይ ነበር።

«እንደ አዲስ ሆነ» አለ ፊቱ በርቶ። «አንዲት ጭረት የለበትም።»

አባቴ እንዲህ ብሎ አይቀልድም። እንዳያይብኝ ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቅኩበትን ነገር፣ በጠራራ ፀሐይ አላየውም። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት ከፊተኛው ጋር አይወዳደርም። ልጄን በየቀኑ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት በዚህ መኪና ነው።

«በይ ቁልፉን አምጪ፤ ልጅቷን አቆየናት።»

ቁልፉን ጨበጥኩት። «ዛሬ እኔ ልንዳ፣ አባዬ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጥግ አየኝ። እንዲህ ማየት ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። መዳፉን ከመኪናው ላይ ሳያነሳ ኮፈኑን ዞረና፣ የጋቢናውን በር እጀታ በጣቶቹ መፈለግ ጀመረ።