የደብረ ሲናው ቀፎ

ባለፈው ሰኞ ከቆላ የመጣ አንድ ሣጥን የማር እንጀራ ላቦራቶሪያችን ደርሶ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ አንዱን እንጀራ ከነፍሬሙ አውጥቶ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ ብሎ ነቀነቀው። ተንኳኳ። የደረቀ ማሾ በጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚያሰማው ዓይነት፣ ቀላልና ደረቅ ድምፅ ነበር። እሱ የጠረጠረውን በማግኘቱ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ይህን ድምፅ በየጊዜው የምሰማ፣ ደመወዜንም በእሱ ምክንያት የማገኝ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለው ቤታችን ጓሮ ነው። አባቴ ታደሰ ጎሚስታ ነበር። ከጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬን እየያዙ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ቆላው ሲደርሱ ጎማቸው ግሎ ይፈነዳ ስለነበር ሥራ አጥቶ አያውቅም፤ ከጎማ የተረፈችውን ጊዜ ሁሉ ግን ለንብ ይሰጥ ነበር። ንብ መያዝ ያስተማረው ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ነው። ጋሽ ይመር ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት፣ በጓሮው ካለው ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር አምስት ቀፎ የነበረው ሰው ሲሆን፣ የእሱን ጓሮ ከእኛ የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነበር። አባቴ ለምስጋና ብሎ ያረጀ የመኪና ጎማ ለሁለት ሰንጥቆ የንብ ውኃ ማጠጫ ሠርቶለት ነበርና፣ ጋሽ ይመር ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጭራሮ እየጣለበት ዓመቱን ሙሉ ውኃ ይሞላበት ነበር። የመጨረሻ ልጁ ዘሀራ እኩያዬ ነበረች፤ በአጥሩ ሥር ውሻ ባበጀው ቀዳዳ እየሾለክን አንዳችን ሌላችን ጋ ስንመላለስ እንውል ነበር።

በዚያ ዓመት በልግ ላይ አባቴ ደብረ ሲና ወጥቶ፣ አንድ ሾፌር ደንበኛው የጠቆመውን ቀፎ በጆንያ ጠቅልሎ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበት የተለሰነ ቀፎ ነበር። ጋሽ ይመር አጥሩ ጋ ቆሞ፣ አባቴ ሲያወርድ ያየው ነበር።

«ታደሰ፣ የብርድ አገር ንብ ነው፤ እስኪለምድ ተጠንቀቅለት። ደግሞ እዚያ ግድግዳ ሥር አታስቀምጠው፤ ክረምት እርጥብ ነው» አለው።

«ፀሐዩ እንዳይጎዳቸው ብዬ ነው፣ ጋሽ ይመር» አለ አባቴ፤ ቀፎውንም እዚያው ግድግዳው ሥር፣ የማንጎው ጥላ ውስጥ አስቀመጠው።

ክረምቱ እንደገባ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ከቤታችን ይሰማ ነበር፤ የግቢው ግድግዳ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አበቀለ፤ የሰቀልነው ልብስ ሳይደርቅ ይሸት ነበር። አንድ የሐምሌ ጠዋት ከቀፎው በር ሥር ነጫጭ ነገሮች ተበትነው አየሁ። ጥርስ መሰሉኝ። አንዱን አንስቼ ስይዘው ጠንካራና ቀላል ነበር፤ ጣቴ ላይም እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ተወ። አባቴን ጠራሁት። ቀፎውን አጭሶ ከፈተ፣ አንድ እንጀራ ቆርጦ አወጣና ነቀነቀው፤ ያኔ ነው ያ ድምፅ የመጣው። ንብ መሆን የነበረባቸው እጮች በየጉድጓዳቸው ደርቀው፣ ገሚሶቹ ነጥተው፣ ገሚሶቹ ጠቁረው፣ እንደ ጠጠር ይንኳኩ ነበር።

አባቴ በሥራው የተነሳ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ ከንፋስ መሙያው ሞተር ድምፅ በላይ መጮኽ ስለለመደ ቤትም ሲገባ ድምፁን ሳይቀንስ ያወራ ነበር። ያን ቀን ግን ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠግቶ፣ በሹክሹክታ «መቅዲ፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። ለዘሀራም ቢሆን። ጋሽ ይመር ከሰማ ቀፎውን ከዚህ አውጣ ይለኛል። ዝናቡ ሲያባራ በሽታው ይተዋቸዋል» አለኝ። በየጠዋቱ ማንም ሳይነሳ የወደቁትን ጠርጌ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንድጥል አዘዘኝ። ይህን ሲል ደጋግሞ ወደ አጥሩ ያይ ነበር፤ አባቴ የሚፈራው ነገር መኖሩን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

እጠርግ ነበር፤ ግን ሁሉንም አልጥልም ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ነጭና ጥቁር ሆነው፣ እኩል እኩል መጠን ኖሯቸው፣ ሲያዩዋቸው ለገበጣ ተብለው የተሠሩ ይመስሉ ነበር። በዱቄት ወተት ጣሳ አጠራቅሜ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ወደ ዘሀራ ወሰድኳቸው፤ ከቁርቁራው ሥር መሬቱን ቦርቡረን ገበጣ ስንጫወትባቸው ክረምቱን ጨረስን።

«የምን ፍሬ ነው?» አለችኝ ዘሀራ በመጀመሪያው ቀን።

«የደብረ ሲና ዛፍ ፍሬ ነው። አባባ ነው ያመጣልኝ» አልኳት።

ዘሀራ የነገርኳትን ሁሉ ታምን ነበር። ጠጠሮቻችን ጭቃ ሲነካቸው አባቴ በሠራው ጎማ ውስጥ፣ የጋሽ ይመር ንቦች ከሚጠጡት ውኃ ውስጥ፣ እየዘፈዘፍን እናጥባቸው ነበር።

አዲስ ዓመት አልፎ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ዘሀራ ከክፍል ቀረች። ከሰዓት ቤታቸው ስሄድ እናቷ እትዬ ፋጡማ በር ላይ ተቀብለውኝ «ግቢ የኔ ልጅ፤ ከትናንት ጀምሮ ተኝታለች፣ አላህ ያሽራት» አሉኝ። ዶሮ እንኳ አፉን ከፍቶ በሚያለከልክበት ሙቀት ዘሀራ ሁለት ጋቢ ደርባ «በረደኝ፣ በረደኝ» ትል ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ጠጋ ስል ጥርሶቿ እርስ በርስ ሲንገጫገጩ ሰማሁ፤ ጆሮዬ ላይ ያ ድምፅ የእንጀራው መንኳኳት ሆነብኝ። እጮቹ መጀመሪያ እንደሚነጡ፣ ቀጥሎ እንደሚደርቁ፣ በኋላም እንደሚጠቁሩ ክረምቱን ሙሉ አይቻለሁ። ዘሀራ ነጥታለች። ዞሬ ሮጥኩ።

ጣሳዬን ከነጠጠሮቹ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው አላውቅም። ጥፍሮቼ ነጥተው እንደሆነ በፀሐይ እያገላበጥኩ አይ ነበር፤ እጄን በበረኪና አጥቤ ቆዳዬ ተላጠ። እናቴ «ምን ነክተሽ ነው አንቺ ልጅ?» ብላ ስትጮህብኝ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። እህል ከአፌ አልወርድ አለ። ብቻዬን ስሆን ቆም ብዬ ራሴን ግራና ቀኝ ነቅንቄ አዳምጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዘሀራን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጋሽ ይመር አቅፏት ሲወጣ አንገቷ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። እዚያው እንድትተኛ ተደርጋ እትዬ ፋጡማ አብረዋት ቀሩ። ጋሽ ይመር ብቻውን ተመልሶ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አጥሩ ጋ መጥቶ አባቴን ጠራው።

«ልጅቷ እንዴት ናት?» አለ አባቴ።

«ወባ ነው ይላሉ፤ ከበድ ብሎባታል። አላህ ያውቃል» አለና ቀጠለ፤ «መከራ ሲመጣ አንድ ላይ ነው። ንቦቼም አንድ ነገር ሆነዋል፣ ታደሰ። ነጭ ነገር እያወጡ ይጥላሉ። ለግብርና ቢሮ ነግሬያለሁ። ያንተዎቹ ደህና ናቸው?»

እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። አባቴ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ።

«ደህና ናቸው» አለ።

ወባ የሚለውን ቃል ሰምቼዋለሁ፤ ግን አላመንኩትም። ትልልቆቹ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ነው የሚል ሐሳብ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ፤ የማውቀው እኔና አባቴ ብቻ ነን፣ እሱም ዋሸ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከበሽታው ይልቅ የአባቴ ዝምታ ያስፈራኝ ጀመር፤ እሱ መናገር ያልቻለውን እኔ እንዴት እናገራለሁ?

ዘሀራ ጤና ጣቢያ በተኛች በአራተኛው ቀን ከግብርና ቢሮ አንድ የንብ ባለሙያ ጋሽ ይመር ግቢ መጣ። ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ፣ ገና ቀፎ ሳይከፍት አንዲት ንብ ጆሮውን ነድፋው የቀላ ሰው ነበር። አባቴ ቀፎዎቹን ለማጨስ ተጠርቶ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ባለሙያው የደረቁትን እጮች በትንንሽ የብርጭቆ ዕቃ እየከተተ፣ በላያቸው እየጻፈ፣ አንድ እንጀራ አንስቶ ነቀነቀ። ያ ድምፅ መጣ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ዘሀራስ?» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እሷም ስትነቀነቅ ትንኳኳለች?»

ማንም አልሳቀም። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠና «ዘሀራ ማን ናት?» አለኝ። ጋሽ ይመር ነገረው። ያኔ ቀስ ብሎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚያስረዳ፣ «ይሄ ሻጋታ ነው። ዳቦ ላይ እንደሚበቅለው፣ ግን የንብ እጭ ላይ ብቻ የሚያድግ ነው። ሰው አይዝም። እኔ ይኸው በእጄ ስነካው ስንት ዓመቴ። ጓደኛሽን የያዛት ወባ ነው፤ ለወባ ደግሞ መድኃኒት አለ» አለኝ።

ለቅሶዬ ፈነዳ። በለቅሶው መሃል ገበጣውን፣ ጣሳውን፣ የጎማውን ውኃ ሁሉንም ለፈለፍኩ። ባለሙያው ጎማውን ዞሮ አየና «ጠጠሮቹን ከየት አመጣሻቸው?» ሲለኝ፣ አባቴን እንዳላይ መሬት መሬት አየሁ። በእጁ ከያዘው ማጨሻ የሚወጣው ጭስ ብቻ ይታየኝ ነበር።

«ከእኔ ቤት ነው» አለ አባቴ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ጋሽ ይመር።

«ከሐምሌ።»

«ከሐምሌ?» ጋሽ ይመር ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ያን ዕለት ስጠይቅህ፣ ልጄን ጤና ጣቢያ አስተኝቼ መጥቼ ስጠይቅህ፣ ደህና ናቸው አልከኝ እኮ፣ ታደሰ።»

«ፈርቼ ነው፣ ጋሽ ይመር።»

«እኔን?»

አባቴ ማጨሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ይመር ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ባለሙያው በሽታው መድኃኒት እንደሌለው፣ የተበከለው እንጀራ መቃጠል፣ ቀፎዎቹም ከጥላና ከእርጥበት ወጥተው አየር ወዳለበት መዛወር እንዳለባቸው ነግሮን ሄደ። በማግስቱ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እንጀራውን አቃጠሉ፤ አንዱ ሲጥል ሌላው እያገላበጠ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ሠርተው አንድ ቃል አልተነጋገሩም። የእኛ የደብረ ሲናው ቀፎ ከነንቡ ጠፋ፤ ከጋሽ ይመር አምስት ቀፎዎችም ሁለቱ ባዶ ቀሩ። ዘሀራ ጥቅምት ሲገባ ቀጥናና ጸጉሯ ተላጭቶ ተመለሰች፤ ግን ተመለሰች። አጥሩ ጋ ቆማ «የዛፍ ፍሬ ነው ብለሽኝ ነበር» አለችኝ፤ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥር ድረስ በቀዳዳው አልሾለከችም።

በጋውን ሁሉ አባቴ በጋሽ ይመር በር ሲያልፍ ቆቡን አውልቆ ሰላም ይል ነበር፤ ጋሽ ይመርም አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፍ ነበር። በሚቀጥለው በልግ አንድ ከሰዓት ዘሀራ እየሮጠች ጎሚስታው ቤት መጣችና፣ እኔን ሳታይ፣ አባቴን «ጋሽ ታደሰ፣ አባባ ባዶ ቀፎ ይዘህ ቶሎ ና ብሎሃል። ቁርቁራው ላይ የንብ መንጋ አርፏል፤ እኔ ሽማግሌ ሆኛለሁ ዛፍ አልወጣም፣ እሱ ያውርድና ይውሰደው ብሏል» አለችው። አባቴ የከባድ መኪና ጎማ ፈቶ ሾፌር እየጠበቀው ነበር። ሁሉንም ጥሎ ሮጠ።

ዛሬ ያን ሻጋታ ለጥናት ብዬ በሰሃን ላይ አበቅለዋለሁ። ዘሩ በቀፎ ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ እንደሚቀመጥ፣ ብዙ ጤነኛ በሚመስሉ ቀፎዎች ውስጥም እንደሚገኝ፣ እርጥበትና ብርድ ሲያገኝ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ስለዚህ በጋሽ ይመር ቀፎዎች ውስጥ እኔ ጠጠሮቹን ከመውሰዴ በፊት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ እኔም አስገብቼው ሊሆን ይችላል፤ አሁን ማንም ሊለየው አይችልም። አምና ሸዋ ሮቢት ስሄድ ይህንኑ ለጋሽ ይመር ነገርኩት። ዓይኑ ደክሟል፤ በጆሮው ብቻ እያዳመጠኝ ቆየና «ልጄ፣ ያን ጊዜ እኔን ያስከፋኝ የንቡ ነገር አልነበረም» አለኝ።

ያኔ ንብ ሲታመም በቀላሉ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ይፈራ ነበር። አሁን ከካራቆሬም ከሌላም ቆላ ገበሬዎች የቀፏቸውን ፎቶ በስልክ ይልኩልኛል፣ ይደውሉልኛል፣ ምን እንደሚያደርጉም እነግራቸዋለሁ። ግን ከአሥሩ ሰባቱ ጥያቄያቸውን ሲጀምሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አጠገባቸው የሚሰማ ሰው እንዳይኖር ፈርተው መሆኑ ይገባኛል። ስለ እንጀራው፣ ስለ እርጥበቱ ከማውራቴ በፊት፣ ለጎረቤታቸው ነግረው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ «ገና አልነገርኩም» ይሉኛል። አላጣድፋቸውም።