ቢጫው ሰደርያ እስኪያልፍ

የልጅ ልጄ ሞተር መንዳት ስትጀምር አልመረቅኳትም። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው፤ የሞተሯን ድምፅ ከታች ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሞተረኞች ክለብ ሊቀበላት መሆኑን፣ የእሁዱን ጉዞ በደንብ ከጨረሰች የክለቡን ጃኬት እንደምትለብስ ስትነግረኝ፣ «እነዚህን ሰዎች በዓይኔ ሳላይ አትሄጂም» አልኳት። በልቤ የለመንኩት ግን ሌላ ነበር። ፈተናውን እንድትወድቅ ነበር የለመንኩት። ጃኬቱ ከቀረባት ሞተሩንም ትተወዋለች ብዬ።

«እማዬ፣ ሞተር ላይ ልትወጪ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ዕቃ የሚጭን መኪና አለን አላልሽም? ከዕቃው ጋር ጫኑኝ።»

እሁድ ጠዋት የክለቡ መሪ፣ ጢሙ ሸበት ያለ ጎልማሳ፣ «እማማ፣ ይግቡ» ብሎ የፒክአፑን በር ከፈተልኝ። ከዚያ ሕጉን ለሁሉም ሲናገር በመስኮት ሰማሁ። መታጠፊያ ላይ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ይቆምና መንገዱን በእጁ ያሳያል። ሁሉም ያልፉታል። ከሁሉም ኋላ የሚነዳው ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል፤ የቆመው ሰው ቢጫውን ሳያይ ንቅንቅ አይልም። ኋለኛው ከፊት ሞተር የተበላሸበትን ለመርዳት ከቀደመ ወይም ቦታ ከቀየረ፣ ሰደርያውን ለሚተካው ይሰጣል።

ለገጣፎን፣ ከዚያ ሰንዳፋን አለፍን። ዝናቡ አቁሞ ጤፉ መቅላት ጀምሯል። እኔ ግን ከጤፉ ይልቅ ሰልፋቸውን ነበር የማየው። አንዱ ሌላውን አይቀድምም፤ ትልቅ ሞተር የያዘው ትንሽ የያዘውን ይጠብቃል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቴ በክርን እንደተገፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሳልፈልግ ወደድኳቸው።

ምሳ የጫነው የእኛ መኪና ስለሆነ ቀድመን ወንዝ ዳር ደረስን። ቆይተው ሞተሮቹ አቧራ ለብሰው ተከታትለው መጡ። የልጅ ልጄ አልነበረችም።

«መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆማ ነበር» አለ ከኋላ የሚነዳው ሰውዬ። «ከኋላዬ የተነሳች መስሎኝ ነበር። በአቧራው ምንም አይታይም። ደክሟት ተመልሳ ይሆናል።»

«ይሄኔ ቤቷ ገብታ ሻወር ወስዳለች!» አለ አንዱ። ሳቁ።

ስደውልላት ስልኳ የጮኸው የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ጠዋት እንዳይወድቅባት ሰጥታኝ ነበር።

መሪው አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ሄደን እንፈልጋታለን፤ አይስጉ። ግን ሰልፍ ጥላ ከተመለሰች ጃኬቱን ልሰጣት አልችልም። ለሁሉም አንድ ሕግ ነው።»

የለመንኩት ደረሰልኝ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ያቺ ልጅ ያዘዝኳትን ሳትጨርስ ከቦታዋ ተነስታ አታውቅም። ዞር ዞር ብዬ ስመለከት፣ ቢጫው ሰደርያ ከኋላ በሚነዳው ሰውዬ ሞተር ወንበር ላይ ታስሮ አየሁ።

«ይሄን መቼ ነው ያወለቅከው?»

«እሱን? ሞቀኝና ከአስፋልቱ ሳንወጣ አወለቅኩት፣ እማማ።»

«ስታልፋት አልለበስከውማ?»

«አልለበስኩም፤ ግን ነይ ብዬ ጡሩምባ ነፋሁላት...»

መሪው ግንባሩን ያዘ።

«ልጄ በቆመችበት ፀሐይ ይመታታል፣ እናንተ ሻወር ወሰደች ትላላችሁ» አልኩ። አንዱ የድስቱን ክዳን ከፍቶ ነበር። «ግጠመው! እሷ ሳትመጣ ማንም አይቀምስም።» ገጠመው።

መሪው ፒክአፑን እየነዳ፣ ሰውዬው በሞተሩ ከኋላችን ሆኖ ተመለስን። መታጠፊያው ላይ ሄልሜቷን እንዳደረገች፣ እጇን ወደ ኮረኮንቹ መንገድ ዘርግታ ቆማለች። አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አጠገቧ ቆመው፣ ምን እንደምታሳይ ግራ ገብቷቸው ወደዚያው ያያሉ።

«ነይ በቃ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አላት መሪው።

«ያለ ሰደርያ ሲያልፍ ለሌላ ሰው የሰጠው መሰለኝ» አለች። ድምፅዋ ደርቋል። «ትቼ ብሄድ ከኋላ የቀረው ሰው ይጠፋል ብዬ ነው።»

እጇን ልታወርድ ስትል፣ «ቆይ!» አልኳት። ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «አንተ፣ ልበስና እለፍ።»

«እማማ፣ አሁን እኮ...»

«እሷ ሕጉን ጠብቃለች። አንተም ጠብቅ።»

የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቴን ሲያይ ተወው። ሰደርያውን ለበሰ፣ አስፋልቱ ላይ ጥቂት ተመልሶ ዞረና በቀስታ ፊቷ አለፈ። ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አደረገላት። ያን ጊዜ እጇን አወረደች፤ ትከሻዋን አሸት አሸት አድርጋ ሞተሯን አስነሳች።

ወንዙ ጋ ስንደርስ መሪው ጃኬቱን ከእኔው ወንበር ኋላ አወጣ። መንገዱን ሙሉ ተደግፌው ነበር የመጣሁት። «እርስዎ ያልብሷት» አለኝ። እምቢ ልል አሰብኩ። ሞተሩን ያን ቀንም አልወደድኩትም፣ ዛሬም አልወደድኩትም፤ ስትዘገይ መስኮቱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ግን በማንም ስንፍና ጃኬቱ ሲቀርባት ማየት አልፈለግኩም። አልብሻት ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋሁት።

«እማዬ፣ ይሞቃል» አለች።

«ይሙቅ» አልኳት። «እንዳታወልቂው።»