ብረት የሌላቸው ሦስት ስዊቾች

ጦይባ ሪያድ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተወልዳ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች አባቷ ከሱቃቸው ሆነው ደብረ ታቦር ያለውን አከፋፋይ ሰዲቅን በስልክ ሲያናግሩ ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር። ጨርቁም ዋጋውም አይገርማትም፤ የሚገርማት ሌላ ነው። «አባ፣ ድምፅዎ ያን ሁሉ ቤት አልፎ የሰዲቅን ሱቅ በምን አወቀው?» አለቻቸው አንድ ቀን። «እሱንማ አላህ ነው የሚያውቀው» ብለው ጨርቃቸውን በክንድ መለካት ቀጠሉ። ጥያቄው ግን ከልጅቷ ጋር አደገ፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስም ወሰዳት።

ተምራ ስትመለስ ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ ማሠልጠኛ የኔትወርክ መምህርት ሆነች። ምን ያደርጋል፣ በክፍሉ ውስጥ አንድም ስዊች የለም። ስዊች ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ፣ የአንዱን መልእክት ለሌላው የሚያደርስ የብረት ሳጥን ነው። ስምንቱ ሠልጣኞቿ የሚያውቁት በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሣለውን ብቻ ነበር። የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ ንጉሴ ሰኞ ጠዋት ጠሯትና፣ «የኔ ልጅ፣ በጠመኔ ሙያ አይሰጥም። ዓርብ እመጣለሁ፤ የተግባር ሥራ ካላሳያችሁኝ ክፍሉ ይዘጋል» አሏት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እውነታቸውን ነው።

ጦይባ በማግስቱ ደብረ ታቦር ሄደች። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ስዊች የሚያስነሣ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዛ በአውቶቡስ ተመለሰች። ነገሩ ሥዕል እንዳይመስላችሁ፤ የእውነተኛው ስዊች ማሰቢያ ራሱ ነው እዚያ ውስጥ የሚሠራው፣ የጎደለው ብረቱ ብቻ ነው። አሮጌዋ ላፕቶፕ ከሦስት በላይ አልሸከምም አለች፤ ሦስትም አይናቅም። ሦስቱን ስዊቾች በሦስት መስመር ዙሪያውን አያያዘቻቸው፤ በሁለቱ ስዊቾች ጫፍ ደግሞ እንደነሱው ብረት የሌላቸው ሁለት ኮምፒውተሮች አስቀመጠች። ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት ላከች።

ስዊች መጀመሪያ ማንንም አያውቅም፤ እንደ አገር እንግዳ በየበሩ እየሄደ ይጠይቃል። መልሱ ሲመጣ ግን የትኛው በር የማን እንደሆነ ይመዘግባል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። ጦይባ መዝገቡን ከፍታ ያንን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የልጅነት ጥያቄዋ መልሱ ዓይኗ ፊት ተጽፎ ነበር። «ሱብሐነላህ!» አለች፤ እንባዋም መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ሠልጣኞቹ በአንዷ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮለኮሉ። ከነሱ መካከል ብርቄ የምትባል የስማዳ ሴት አለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በራሷ በሬዎች ስታሳርስ የኖረች፣ በዕድሜ መምህሯን የምትበልጥ። ተራዋ ደርሶ ስትመረምር፣ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ «ዝግ» ሆኖ አገኘችው። ስዊቾቹ ራሳቸው ተነጋግረው ነው የዘጉት። ብርቄ ምክንያቱን ከየት ታውቅ?

«በእርሻ ሰዓት በሬ አስሮ የሚውል ገበሬ አለ እንዴ?» አለችና፣ መስመሩን የሚዘጋውን ሥርዓት ከሰሌዳው በተማረችው ትእዛዝ አጠፋችው።

ሦስቱም መስመሮች ተከፈቱ። ለሁሉም የተላከች አንዲት መልእክት ዙሪያውን መሮጥ ጀመረች፤ ዞረች፣ ተባዛች፣ እንደገና ዞረች። ላፕቶፗ እንደ ወፍጮ ጮኸች፣ ጋለች፣ ድርግም ብላ ጠፋች። የተሠራው ሁሉ አብሮ ጠፋ።

«ወይኔ ቲቸር! ጉድ ሠራሁዎት!» አለች ብርቄ ራሷን ይዛ።

ጦይባ መጮህ አምሯት ነበር። የሴትየዋን ፊት ስታይ ግን ቁጣዋን ዋጥ አደረገችው። «መልእክት ማለቂያ የሌለው መንገድ ካገኘ አይቆምም። ያ መስመር የታሰረው ለዚህ ነው። ሰነፍ አይደለም፣ ተጠባባቂ ነው፤ ሌላው ሲበጠስ እሱ ይነሣል» አለቻት።

«ማንም ሳይቀሰቅሰው?»

«ማንም ሳይቀሰቅሰው።»

ብርቄ ላፕቶፗን አተኩራ አየቻት። ላፕቶፗ ስትበርድ አስነሥተው ሁሉንም እንደገና መሥራት ጀመሩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱ።

ዓርብ አቶ ንጉሴ ክፍሉን የሚዘጋውን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ገቡ። «ስዊቾቹ የታሉ?» አሉ። ጦይባ ወደ ላፕቶፗ አመለከተች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብለው ሳቁ።

ጦይባ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የማያቋርጥ መልእክት ለቀቀች፤ «ደረሰ» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይደረደር ጀመር። «የሚሠራበትን መስመር እርስዎ ራስዎ ይቁረጡት» አለቻቸው። አቶ ንጉሴ የላፕቶፗን መዳፊት ይዘው ጠቅ አድርገው ቆረጡት።

መልእክቱ ቆመ። አምስት ሰከንድ፣ ዐሥር፣ ሃያ። ኃላፊው ደብዳቤውን ሊሰጧት ዘረጉ። ሥርዓቱን ሲሠሩ አጉድለውት ይሆን እያለች ጦይባ ትናንት የሠሩትን በልቧ ከለሰች።

«ትንሽ ይታገሡ ጋሼ፣ ይነሣል» አለች ብርቄ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ተነሣ። ደረሰ፣ ደረሰ፣ ደረሰ እያለ መደርደሩን ቀጠለ። ማንም አልነካውም። አቶ ንጉሴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ተአምር ያየ ሰው ደግሞ ማየት ይወዳልና፣ መዳፊቱን ወደ ሁለተኛው መስመር ሰደዱ።

ብርቄ እጃቸውን ያዘቻቸው። «ኧረ ጋሼ፣ ተዉ እንጂ! የቀረን አንድ ጥማድ በሬ ነው!»

አቶ ንጉሴ ፊቷን አዩ፤ ስምንቱንም ሠልጣኞች አዩ። ከዚያ የዘረጉትን ደብዳቤ አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ይረስ እንግዲህ» አሉ።