በጣትሽ አሳዪኝ

አክስቴ አንድ ሰው "አመመኝ" ካላቸው "የት ጋ?" ይሉ ነበር። "ሁለመናዬን" የሚል መልስ አይቀበሉም። "በጣትሽ አሳዪኝ" ይላሉ።

ይህን ያስለመዳቸው የራሳቸው ሕመም ነው። ለዓመታት ድንገት ልባቸው ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ግፊታቸው ሽቅብ ይወጣል። እኛ ቁጡ ስለሆኑ ይመስለን ነበር። አንዲት ዶክተር ግን ሆርሞን የሚያመነጭ እጢ ጠርጥራ የሃያ አራት ሰዓት ሽንታቸውን በጀሪካን አጠራቅመው እንዲያመጡ አዘዘቻቸው።

ጀሪካኑን ይዤላቸው የቀጨኔን ቁልቁለት ስንወርድ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አገኙን። ነጠላቸውን አስተካክለው ጀሪካኑን ተሳለሙት።

"የእንጦጦ ማርያም ጸበል ነው? እስቲ አቅምሺኝ።"

አክስቴ ፈገግ እንኳ ሳይሉ "ተይው፣ ከራሴ ምንጭ የተቀዳ ነው" አሏቸው። በሳቅ ጀሪካኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ምርመራው ሆርሞኑ መብዛቱን፣ ሲቲ ስካኑ ደግሞ ቦታውን ነገረን። ዶክተሯ ከግራ ኩላሊታቸው በላይ ያለችውን ሎሚ የምታህል እጢ ስክሪኑ ላይ በጣቷ ስታሳያቸው፣ አክስቴ ወደ እኔ ዞረው "አየሽ፣ አመል አይደለም" አሉኝ። እጢዋ በኦፕራሲዮን ወጣች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ይቆጡን ነበር፤ ላብ ሳያጠምቃቸው።

በአርባቸው ዕለት ከእኚያው ጎረቤታችን ጋር የጀሪካኑን ነገር አንስተን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ የእኔ እንባ አልቆም ሲል እሳቸው ቀስ ብለው "የት ጋ ነው?" አሉኝ።

በሩ አጠገብ ያለውን የአክስቴን ወንበር በጣቴ አሳየኋቸው።