ውሸት የማያውቀው ታብሌት

«ዓይኔን ምን ልበለው፣ ዓይኔ ምን ይበለኝ፣
እ…ም… እ…ም… እያለኝ…»

የዘፈኑ ወገብ ጠፍቶበታል። ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ ይቺን ግጥም ያንጎራጉራል፤ የጠፋችው መሃል ላይ ሲደርስ ዜማውም መቀሱም አብረው ቀጥ ይላሉ። ምሳው፣ የምስር ሾርባና ዳቦ፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተከድኖ ይጠብቀዋል።

«አባዬ፣ ምዝገባው እኮ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለች ልጁ፣ ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቅና። ቀድሞ ለመግዛት የሚመዘገቡበት ትናንት ይፋ የሆነ ታብሌት ነው፤ ገና ገበያ አልወጣም። ስክሪኑ እንደ ትሪ የሰፋ፣ በብዕር የሚጻፍበት፣ ካሜራው ሰውን ከራስ እስከ እግር ቃኝቶ ልኩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ።

«ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚገለፍጠው?» አለ ማስታወቂያውን በጎሪጥ እያየ።

«ደስ ብሎት ነዋ!»

«ገና ያልተወለደ ዕቃ ታቅፎ? ማን ዳሰሰው?»

የጠረጠረው ግን ዕቃውን ብቻ አልነበረም። ከሰሞኑ የልጁ ነገረ ሥራ አላማረውም። የደንበኞች ልክ የሚጻፍበትን ደብተር አታስነካውም፤ ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል ከጎኑ አትጠፋም። ሠላሳ ዓመት የቆመበትን የመቁረጫ ጠረጴዛ በዘዴ ልታስለቅቀው እንደሆነ ሆዱ ነግሮታል። ከዚያ ከተነሳ ምን ሊቀረው? ጥግ ተቀምጦ ቁልፍ ሲተክል መዋል?

ይህን ሲያብሰለስል የዱሮ ደንበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች።

«ጌታው፣ ዘንድሮስ ሊጡ ቀርቶ እኔው ኩፍ ብያለሁ! ቁጥሩን ቀስ ብለህ ጥራው!»

ለዚህ አባትና ልጅ የቆየ ምስጢር አላቸው። ደንበኛ እንዳይሸማቀቅ፣ እሱ ካነበበው ላይ ሦስት ሳንቲሜትር ቀንሶ ይጠራል፤ ልጅቷ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሦስቱን መልሳ ጨምራ ትጽፋለች።

«ወገብ ሰማንያ አምስት!» አለ ሜትሩን በወገቧ አዙሮ።

«እሰይ! ቀንሻለሁ በለኛ!» ጋጋሪዋ እንደ ሙሽራ እየተውረገረገች ወጣች።

«አየሽ?» አለ ልጁን። «ያ ዕቃሽ እንዲህ መዋሸት ያውቃል? ሴትዮዋን ፊት ለፊት ያዋርዳታል እንጂ! ለመሆኑ ስንት ብለሽ ጻፍሽ?»

ልጅቷ ደብተሩን ወደ ደረቷ ሳበች። ቀማት። አራቀው፣ አቀረበው፣ መስኮቱ ጋ ወስዶ ብርሃን አጠጣው። ዘጠና ስምንት።

«ሰማንያ ስምንት ነው እኮ ያነበብኩት!»

«ዘጠኙን ስምንት አድርገህ ነው ያየኸው፣ አባዬ። እኔ ከኋላህ ሆኜ ሜትሩን አይቼዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታርሚኝ?»

«ከክረምት።» አለችው። «ታብሌቱ ላይ የተጻፈ ቁጥር በጣት ሲለጠጥ መዳፍ ያክላል። ደብተሩን ራስህ እንድታነበው ብዬ ነው። ጠረጴዛህን ልቀማህ መስሎህ ከሆነ፣ እሱንማ ምን ላደርገው?»

ሰውዬው ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰው። መቀስ የቧጨረውን እያንዳንዷን መስመር ጣቱ ያውቃታል፤ ዓይኑ ግን ስንቷን እንደሳተ እሷ ብቻ ታውቃለች።

«ነገ ዓይን ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ» አለ በመጨረሻ።

«ታብሌቱስ?»

«አስመዝግቢ። ስሜን ግን እንዳትሰጫቸው፣ ያንቺን ጻፊ! ደግሞ መጥቶ ሳልዳስሰው አልረከብም። ካሜራው ዓይኑን ጨፍኖ ይኖራል፤ ባለ ክዳን ልባስ ከወፍራም ጨርቅ እሰፋለታለሁ። ልክ የምወስደው እኔ፣ ቁጥሩን የምታዪው አንቺ።»

«የምንዋሸውስ?»

«ሁለታችንም።»

ልጅቷ እየሳቀች ስልኳ ላይ አቀረቀረች፤ ስትጽፍም ሳይታወቃት አንጎራጎረች፦ «የራቀውን ሁሉ ቅርብ ነው እያለኝ…»

ቀና ብሎ በጥርጣሬ አያት። «ይቺንም ታውቂያት ኖሯል?»

ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በርጩማውን ሳበ፣ የቀዘቀዘውን ሾርባ ከፍቶ አሸተተው፣ ዳቦውን ቆረሰና ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ።