ቪብከ እና የቪየናዎች ሽሜ

ቪብከ ከሰሜን ጀርመን፣ ከባሕር ጠረፍ አገር ነው ቪየና በትዳር የመጣችው። ባሏ ኦቶካር ምድጃ ሠሪ ነበር። እሷ ገበያችን ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች፤ እኔ ከጎኗ አይብ እሸጣለሁ።

ያስመረራት አንድ ቃል ነው፦ ሽሜ። እኛ ዘንድ ቀልዱም ሽሜ ነው፣ ውሸቱም ሽሜ ነው፣ ሴት ማሞጋገሱም ሽሜ ነው። «ያለ ሽሜ» ብሎ የሚምልላችሁን ሰው ደግሞ ጨርሶ አትመኑት። ቪብከ ግን የነገሯትን ሁሉ ታምን ነበር። ፊት ለፊቷ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር የሚሸጠው ብላሼክ «ዛሬ ከንቲባው ዓሣ ሊገዛ ይመጣል፣ ያለ ሽሜ» ቢላት፣ ንጹሕ ሽርጥ አሸርጣ ገበያው እስኪዘጋ ጠበቀች።

በማግሥቱ ንዴቷ ገነፈለ። «ለመሆኑ ይሄ ቃላችሁ ምን ማለት ነው?» አለችው።

«ከአይሁዶቹ ያገኘነው ነው። የተሰማ ነገር፣ ወሬ ማለት ነው» አለ ብላሼክ።

ዓሣ ሊገዛ የቆመ አንድ ጡረተኛ መምህር ጣልቃ ገባ። «የለም፣ የድሮ ጀርመንኛ ነው። ንቀት፣ ስድብ ማለት ነበር።»

ሁለቱ ክርክር ሲገጥሙ ቪብከ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ታዲያ እኔን ምን እያደረጋችሁኝ ነው? ወሬ እየነገራችሁኝ ነው ወይስ እየሰደባችሁኝ?»

«እንደ ቀኑ ነው፣ እመቤቴ» አላት ብላሼክ። የቆመው ሁሉ ሳቀ። ቤቷ ገብታ ኦቶካርን ብትጠይቀው «ስለሚወዱሽ ነው» አላትና እሱም ሳቀ።

እንዲህ ስትበሽቅ ኖረች። በስተርጅና፣ ጣቶቿ ከዓሣው በረዶ ብዛት አልታጠፍ ሲሏት፣ አንድ ረቡዕ «ቅዳሜ ሱቄን እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲያ ዓሣችሁን ሌላ ቦታ ፈልጉ» አለች።

«በስተመጨረሻ ሽሜ ለመደች» ብሎ ብላሼክ ለገበያው ሁሉ አወራ። ሰው እየመጣ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋት ጀመር። እውነቴን ነው ባለች ቁጥር ሳቁ ይብሳል። ቅዳሜ ማንም አልተሰናበታትም። ቢላዎቿን ጠቅልላ ሄደች።

ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው። ማክሰኞም። ብላሼክ «ቀልዱን አስረዘመችው» ይላል። ኋላ እኔና እሱ ተያይዘን ቤቷ ሄድን።

«ጥሩ አድርገሽ ሸወድሽን፤ አሁን ግን መቼ ነው የምትከፍቺው?» አላት ብላሼክ።

«ሱቁን አስረክቤያለሁ። አበባ ሊሸጡበት ነው።»

ብላሼክ ሊስቅ ብሎ ፊቴን አየ። እሷ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ደረጃውን ስንወርድ «ቢያንስ አትነግረንም ነበር?» አለኝ፣ ከልቡ ተቀይሞ።

ቪብከ አሁንም እዚያው ቤት ናት። በገበያችን በኩል ግን አታልፍም።