ደህና ነው ያሉን ቀን

ጎረቤታችን ያለው አስጎብኚ ለሁሉም ነገር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለው። ስልኩ እጁ ላይ ሲጠፋበት «ክራሽ አደረገ» ይላል። የዳባት ነጭ ሽንኩርት ዋጋው በአንድ ገበያ ሲወርድ፣ ያም ክራሽ ነው። የሚያስጎበኛቸው ፈረንጆች ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ካምፕ ተመልሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ሲዘረሩ «ክራሽ አድርገዋል፣ አትቀስቅሷቸው» ይላል። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ቃሉን አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ልብሱን አጥራችን ላይ ሲያሰጣ እንደምንም ደፍሬ ትርጉሙን ጠየቅሁት።

«መውደቅም፣ መጋጨትም፣ መበላሸትም ይሆናል። እንደ ቦታው ነው» አለኝ። «ዋናው ድንገት መሆኑ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ፣ የሰው አጥር በዝናብ ሲናድ፣ በልቤ ክራሽ እላለሁ። ጮክ ብዬ ግን ብዬው አላውቅም። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል።

ወንድሜ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ከደባርቅ ድንች ጭነው በሊማሊሞ ቁልቁል ይወርዳሉ። ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ ጭቃና ጉም ስለሚሆን፣ እሱ በወረደ ቀን እኔና እናቴ ሥራ አይያዝልንም። የጀመርነውን እየተውን ሌላ እንጀምራለን።

በአንዱ እንዲህ ባለ ማለዳ አስጎብኚው በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። ኮፍያውን አውልቋል።

«እትዬ፣ አይደንግጡ» አላት እናቴን። «መኪናው ትንሽ ተንሸራቶ ነበር። ልጁ ደህና ነው። እግሩን ብቻ ነው፣ ትንሽ። አንድ ሾፌር ደውሎ ነገረኝ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።»

ያን ቃሉን አላወጣውም። ለስልክና ለሽንኩርት የሚያባክነውን ቃል፣ መኪና ሲወድቅ ዋጠው። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

በእኛ አገር መርዶ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜም ሰዎቹ «ትንሽ አሞታል» እያሉ ነው የገቡት። እናቴ «ትንሽ» የሚለውን ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጮኸች። ጎረቤት ወዲያው ሞላ። አስጎብኚው «እውነቴን ነው፣ በእግዚአብሔር፣ ደህና ነው» እያለ በማለ ቁጥር ሴቶቹ ይበልጥ አለቀሱ። ስልክ ብንሞክር አይሠራም። እኔ ግን ከሊማሊሞ የመጣ ሾፌር ባገኝ ብዬ ወጣሁና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ከታች የወጣ አንድ አይሱዙ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቆሟል። ሾፌሩ ጎማ ይመታል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። እሱ ነው ቀና ያለው።

«ምን ፈለግሽ?»

«የተንሸራተተው መኪና ረዳት... ወንድሜ ነው።»

ፊቱን አየሁት። ሊያጽናናኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ደህና ነው ቢለኝ እዚያው እወድቅ ነበር።

«ያ ወንድምሽ ነው?» አለኝና ጎማውን ተወው። «አፉን ብትቀጡት ጥሩ ነው። አራት ሰው ሆነን በጭቃ ተንፏቀን ከገደሉ ስናወጣው ሲሰድበን ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«እናንተ ሙትቻዎች፣ ጆንያ መሰልኳችሁ ወይ ይለናል። የምጠጣውን ውሃ ብሰጠው ጨርሶ ከጠጣ በኋላ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል አለኝ። እግሩን አስረን ጤና ጣቢያ አደረስነው። ምስጋና እንኳ የለም።»

ያኔ በሕይወት መኖሩን አመንኩ። ለሞተ ሰው ማንም እንዲህ አያወራም። የሞተ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨዋ ይሆናል። ደግሞም እሱ ነው፤ ቤትም ወጡን ጠራርጎ ከበላ በኋላ ነው ጨው አነሰው የሚለው። ሾፌሩን ሳላመሰግን ሮጥኩ።

ቤታችን ለመግባት ሰው መግፋት ነበረብኝ። እናቴ መሐል ላይ ደረቷን ትመታለች።

«እማዬ፣ ሰደባቸው» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። ደግሜ አልኩት።

ሴቶቹ ዞሩ። አንዷ «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» አለች።

«ያወጡትን ሰዎች ሰደባቸው። ሙትቻዎች አላቸው። ውሃቸውን ጠጥቶ ጨርሶ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል አለ። ሾፌሩ ተቆጥቷል።»

ይህን ሁሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስናገር ጆሮዬ ይግል ነበር። እናቴ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ?» አለችኝ።

«ከጨረሰ በኋላ።»

«ያዳኑትን ሰዎች?»

«አዎ።»

«ባለጌ» አለች፣ ቀስ ብላ። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችና በጫፉ ፊቷን ጠረገች። «የት ነው ያለው ሾፌሩ? ሳይሄድ ይቅርታ ልጠይቀው። ጫማዬን አቀብይኝ።»

ሴቶቹ ይሂዱ ይቀመጡ አላወቁም። እናቴ በመካከላቸው አልፋ ወጣች፤ ፊቷ ገና እርጥብ ነው፣ ስለ ልጇ ስድነት እያጉረመረመች ትሄዳለች፣ እኔም ከኋላዋ።